በጨው ያጠብኳት አውሮፕላን

ዓርብ ዓርብ ሌላው ሰው ያርፋል፤ እኔ ወገቤ ድረስ ባሕር ውስጥ ቆሜ የአውሮፕላን ገመድ እይዝ ነበር። ይህን ለአገሬ ሰው ስነግረው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "ሹፌር ነኝ አላልክም እንዴ?" ይለኛል። ነኝ። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ዛሬም የተጻፈው የቤት ሹፌር የሚል ነው። ነገር ግን አሠሪዬ፣ ካፊሌ፣ ባሕር ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ ማን ይጠብቃት ብሎ ዙሪያውን ሲያይ፣ በቤቱ ካለነው ሠራተኞች ውስጥ መዋኘት የምችለው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ያደግኩት ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከምትባለው ከተማ ከፍ ብላ ባለች መንደር ነው። ልጅ ሆኜ ከውኃ ውጣ ሲሉኝ አልወጣም ነበር፤ ለዚህም ስንት ጊዜ ተገርፌያለሁ። የተገረፍኩበት ነገር አረብ አገር፣ ኹበር ላይ ሥራ ይሆነኛል ብሎ ማን ያስባል?

አውሮፕላኗ አራት ሰው ትይዛለች። ከሆዷ ሥር ሁለት ረጃጅም፣ ጀልባ የሚመስሉ ነገሮች አሏት፤ ውኃ ላይ የምትንሳፈፈው በእነሱ ነው። ካፊሌ "ጀዝማ" ይላቸዋል፣ ጫማ ማለቱ ነው። እኔም ጫማ አልኳቸው። ከጫማዎቹ ሥር ወጣ ገባ የሚሉ ትናንሽ ጎማዎች ስላሉ፣ ከባሕሩ በራሷ ኃይል በሲሚንቶው ተዳፋት ወጥታ ግቢው ውስጥ ትቆማለች። ግቢው ከኹበር በስተደቡብ ያለው የካፊሌ የባሕር ዳር ቤት ነው፤ ሻሌ ይሉታል። ቤተሰቡ ለመዝናናት ይመጣበታል፤ እኔ ለመንጎራደድ።

አውሮፕላን ያለው ሰው ሲባል ሁልጊዜ የሚበር ይመስላል። የሚበረው ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ብዙ። ካፊሌ በሳምንት ቢበዛ አንዲት ሰዓት ይበር ነበር። ለዚያች አንዲት ሰዓት ሲል ከረቡዕ ጀምሮ ይቅበዘበዛል፣ እኔንም ያቅበዘብዘኛል። መጀመሪያ ፈቃድ ነው። የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ማን አብሮት እንደሚሳፈር ጽፎ ይልክና ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይውላል። ፈቃዱ ሲመጣ ንፋሱ እምቢ ይላል። ሸማል የሚሉት የሰሜን ንፋስ ከተነሳ ባሕሩ ይሸበራል፣ አሸዋው ያልገባበት ቀዳዳ አይኖርም፣ መብረር የለም። ንፋሱ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባሕሩ እንደ መስተዋት ይለጠጥና አብራሪው ከላይ ሲመጣ ውኃው የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም፤ አሥር ሜትር የቀረው መስሎት አንድ ሜትር ቀርቶት ሊሆን ይችላል። የዚህ መላ እኔ ነበርኩ። በትንሿ የሞተር ጀልባ ወጥቼ ወዲያ ወዲህ እየነዳሁ ባሕሩን አበላሽለታለሁ። እሱም ሞገዱን አይቶ ከፍታውን ያውቃል። በሕይወቴ አበላሽ ተብዬ የታዘዝኩት ያንን ባሕር ብቻ ነው።

ሲመለስም አያልቅም። አውሮፕላን ውኃ ላይ ፍሬን የላትም። ንፋሱ ከጎን ከገፋት ተዳፋቱን ትስትና ድንጋዩን ትመታለች፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ ቆሜ ከክንፏ ጫፍ የተንጠለጠለውን ገመድ ይዤ አቃናታለሁ። ከፊቷ እንዳልመጣ ሺህ ጊዜ ተነግሮኛል፤ አፍንጫዋ ላይ ያለው ብረት ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም፣ ሰው ግን ይቆርጣል። ግቢ ከገባች በኋላ ደግሞ ጫማዎቹን አያለሁ። ውስጣቸው በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌላው እንዲያንሳፍፋት ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ የጎማ ውታፍ አለ። ውታፉን ነቅዬ በእጅ የሚሳብ ፓምፕ እከትና የገባውን ውኃ አወጣለሁ። ከደማም በየሁለት ሦስት ወሩ የሚመጣ አንድ ፊሊፒኖ መካኒክ ነበረን። ትንሽ ውኃ ሁልጊዜም ይገባል አለኝ፤ ስንት ጊዜ እንደሳብክ ብቻ ቁጠር፤ አምስት ስድስት ጊዜ ስበህ ካለቀ ጤነኛ ናት፣ ቁጥሩ ከጨመረ ግን ንገረኝ።

ሌላም ነገር ነግሮኛል። ጨው እንዳያድርባት፣ ከባሕር በወጣች ቁጥር ከአናቷ እስከ ጫማዋ በሞያ ሑልው እጠባት ብሎኛል። ሞያ ሑልው ጣፋጭ ውኃ ማለት ነው፤ የሚጠጣው። በደንብ ነው የነገረኝ፣ በደንብም ነው የሰማሁት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ መካኒኩ ላይ እንዳይላከክ ነው።

ሻሌው ሁለት ውኃ ነበረው። ጣፋጩ በቦቴ መኪና እየመጣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ታንከር ይገለበጣል። ሌላው እዚያው ግቢ ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ በፓምፕ እየተሳበ ለመታጠቢያ ቤቶቹና ለቴምሮቹ ይሄዳል። የጉድጓዱ የውኃ ጎማ አውሮፕላኗ ከምትቆምበት አጠገብ ነው። የካፊሌ ሚስት፣ ማዳም፣ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው "ሑልው ለኩሽና ብቻ፤ ለመኪና ማፊ!" ብላ ጣቷን አወዛውዛብኛለች። ለእሷ አውሮፕላኗ ክንፍ ያላት መኪና ናት።

ደግሞ በማዳም ብቻ አላመካኝም። ባትከለክለኝም አላደርገውም ነበር። እኛ ቤት የሚጠጣ ውኃ ከምንጭ በጀርባ ነበር የሚመጣው፤ ዳገቱን እናቴ ስታቃስትበት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በሚጠጣ ውኃ እጁን የታጠበ ልጅ እራት አይቀርብለትም። በዚያ ላይ ኢስራፍ፣ ማባከን፣ ወንጀል ነው ተብለን ነው ቁርአን የቀራነው። አንድ ቦቴ ሙሉ ጣፋጭ ውኃ ብረት ላይ ማፍሰስ? ብረት ምን ጣዕም ያውቃል? መካኒኩን የከተማ ልጅ ነው፣ ውኃ ተሸክሞ አያውቅም ብዬ ናቅሁት። የጉድጓዱ ውኃ ከመሬት ነው የወጣው፣ ከመሬት የወጣ ውኃ ንጹሕ ነው አልኩ፤ አለቀ። ኸላስ። በእኔ አገር እውነት ነበር።

በዚያው ጎማ ለሶላት እታጠብ፣ ዉዱእ አደርግ ነበር። አፌን ስጉመጠመጥ ጨው ጨው ይለኛል። ከባሕር መውጣቴ ስለሆነ ከንፈሬ ላይ የቀረው ነው እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ሰገድኩ።

አሁን ወደ ሚስቴ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። ከአገሬ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ትቻት የመጣሁት በተጋባን በስምንተኛው ወር ነው። ሁለት ዓመት ብያት ነበር። ሁለቱ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ አራት፤ ሁልጊዜም ምክንያት ነበረኝ፣ ምክንያቶቼም ጥሩ ጥሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት ረመዳን ሲያልቅ ደወለችና ከሰላምታው በኋላ እንዲህ አለችኝ፦

"ለአረፋ ና። ካልመጣህ ኒካዬን አውርድልኝ።"

ፍታኝ ማለቷ ነው፤ ከገበያ ስትመለስ ዘይት ያዝ እንደምትለኝ ግን ነበር አነጋገሯ። አልጮኸችም። ብትጮህ እኔም እጮህ ነበር፤ ሁለታችንም ሲደክመን እንታረቅ ነበር። እንዲህ ስትለኝ ግን የምገባበት ቀዳዳ አጣሁ። "እመጣለሁ፣ ወላሂ እመጣለሁ" አልኳት። "ወላሂን ተዋት፤ አንተ ብቻ ና" አለች።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ያለ ካፊሉ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ሄዶ መመለሻው ፈቃድ፣ ኹሩጅ፣ ዛሬ ወረቀት እንኳ የለውም፤ ካፊሉ ስልኩን ይከፍትና በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ አለቀ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ የሰውዬውን አውራ ጣት ማየት ሆነ። ስለማላርፍ ሌሎቹን ሠራተኞች እንኳ አሰለቸኋቸው። ከአረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ መኪና ውስጥ፣ እንደምንም ተናገርኩት። በመስተዋቱ አየኝና ትንሽ አሰበ።

"ልጄን በጠያራዋ ላበርራት ቃል ገብቼላታለሁ" አለኝ፤ ጠያራ የሚለው አውሮፕላኗን ነው። "ንፋሱ እንደተወ በመጀመሪያው ዓርብ እናበርራታለን። ከዚያ ሙቀቱ ስለሚበረታ ጠያራዋ ታርፋለች። በማግስቱ ቅዳሜ ኹሩጅህን እጫናለሁ። ኸላስ።"

ካፊሌ ክፉ ሰው አይደለም። ኸላስ ካለ ኸላስ ነው። ለሚስቴ ያኔውኑ ደውዬ ነገርኳት። "እስቲ" አለች፤ ድምጿ ግን ሲለሰልስ ሰማሁት፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

ሸማሉ አሥራ ሁለት ቀን ነፈሰ። በአሥራ ሁለቱም ቀን በየማለዳው ጣሪያ ላይ ወጥቼ የጎረቤቱን ባንዲራ አያለሁ፤ ይውለበለባል፤ እረግመዋለሁ። ረጋ ብሎ መቀመጥ አቃተኝ። የታጠበ መኪና እንደገና አጥባለሁ። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ሳያስፈልገኝ ባሕር ዳር ባሕር ዳሩን እዞራለሁ። በመጨረሻ በማክሰኞው ቀዝቀዝ አለ፤ ለዓርብ ባሕሩ ጸጥ ይላል ተባለ። ካፊሌም ፈቃዱን ጠየቀና ወደ ሻሌው ሄጄ የአውሮፕላኗን ማሰሪያዎች እንዳይ ላከኝ።

ስደርስ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደረሰ። ባሕሩን አልነካሁም፣ አውሮፕላኗንም አልነካሁም፤ ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ወደ ጎማው ነው የሄድኩት። ተጉመጠመጥኩ። ጨው።

ቆምኩ። ከንፈሬን በእጅጌዬ ጠርጌ እንደገና ቀመስኩ። ጨው። ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሄጄ ከታንከሩ ቀመስኩ፤ ጣፋጭ ነው። ተመልሼ ከጎማው ቀመስኩ። በዚያ ፀሐይ በሁለቱ ውኃዎች መካከል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የሚያየኝ ቢኖር ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጣ ይል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨውን በጨው ሳጥብ ኖሬያለሁ። ያውም ለውኃው አዝኜ።

ከዚያ ከሥሯ ገብቼ ተጋደምኩ። በግራው ጫማ ኋላ፣ ብሎኖቹ በተደረደሩበት መስመር ላይ ቀለሙ እንደ ቡግንጅ ተነፋፍቷል። በጥፍሬ ጫን ስለው ተቀረፈ፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወረደብኝ። ያን ጊዜ የፓምፑ ቁጥር ትዝ አለኝ። ያ የኋላው ክፍል መጀመሪያ ስድስት ነበር። ከዚያ አሥራ አንድ ሆነ። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ። መጨረሻ ላይ ሠላሳ አራት ጊዜ ስቤያለሁ፣ ዛሬ ሞገድ ስለነበረ ነው ብዬ ፓምፑን ሰቅዬ ሄጃለሁ። ለምን ለመካኒኩ አልነገርኩትም? ብነግረው ያስቆማታል፤ ብትቆም ካፊሌ ይከፋዋል፤ የከፋው አውራ ጣት ደግሞ ኹሩጅ አይጫንም። ይህን ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም። እጄ ግን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ስቆጥር ድምፄን ቀንሼ ነበር የምቆጥረው።

ረቡዕ ልጅቷን ትምህርት ቤት እንዳደረስኩ ወደ ደማም ነዳሁ። አል አዳማ የሚባል ሰፈር ውስጥ የመንደሬ ልጅ የሆነ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሳያነሳ ሰማኝ።

"ዝም በላ!" አለኝ። "አንድ ዓርብ ነው የቀረህ አይደል? ሁለት ዓመት የቆየች ለአንድ ሰዓት አትሰምጥም።"

"ልጅቷ አለችበት።"

"ልጅቷ አባት አላት። ሚስትህ ና ያለችው አንተን ነው።"

እሱም ጥቂት ሰፋና አቆመ። "ወይ ደግሞ ንፋስ አለ በለው" አለ።

"ንፋሱን ከእኔ አይጠይቅም፤ በስልኩ ያየዋል።"

"እንግዲህ አብሽር፣ አይዞህ" አለኝ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "እኔ ብሆን የማደርገውን አላውቀውም። ላንተ ዝም በል ማለት ቀላል ነው።"

ሐሙስ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሳመጣት መንገዱን ሙሉ ለፈለፈች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወልቋል፤ "ዐሙ" ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው። ዐሙ፣ ከላይ ትምህርት ቤታችን ይታያል ወይ? ዐሙ፣ ዓሣዎቹስ? ከላይ እጄን ሳውለበልብልህ አንተም ጀልባው ላይ ሆነህ አውለብልብ፣ እሺ? "ጠይብ" አልኳት። በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ቀይ መብራት ጥሻለሁ። ቤት እንደደረስን ካፊሌ በረንዳ ላይ ነበር። አሁን ልንገረው ብዬ ሄድኩ፤ ፊት ለፊቱ ስቆም "ነዳጁን አጣርተህ ሞልተሃል?" አለኝ። "ሞልቻለሁ" አልኩና ተመለስኩ። በዚያ ምሽት ለሚስቴ አልደወልኩም። እሷም አልደወለችም።

ዓርብ ማለዳ፣ ከጁሙዓ በፊት፣ ባሕሩ አንዲት ሞገድ አልነበረበትም። ካፊሌ አውሮፕላኗን ዙሪያዋን እየዞረ፣ ክንፏን እየነካ፣ ዘይቷን እያየ መረመረ፤ ከሥር ግን አልተኛም፣ የሥሩ ሥራ የእኔ ነው። ልጅቷ ብርቱካናማ የዋና ጃኬት ለብሳ አንገቷ ጠፍቷል። "ሂድ፣ ባሕሩን ሰባብርልኝ" አለኝ ካፊሌ። ጀልባዋን አስነሥቼ ወጣሁ።

ወዲያ ነዳሁ፣ ወዲህ ነዳሁ። ሩቅ ሆኜ ልጅቷን አንሥቶ ሲያስገባት፣ ቀበቶዋን ሲያስርላት፣ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ ራሷ ላይ ሲጭንላት አየሁ። ሞተሩ ተነሣ። እኔ ደግሞ እዞራለሁ። ውስጤ አንዱ ሰው ሠላሳ አራት ይላል፣ ሌላው አንድ ሰዓት ብቻ ነው ይላል፣ ሁለቱም አያርፉም። ሚስቴ የመጣችልኝ በፊቷ አልነበረም፣ "አንተ ብቻ ና" ባለችበት ድምፅ ነው። አውሮፕላኗ በጎማዎቿ ወደ ተዳፋቱ መውረድ ጀመረች። ያን ጊዜ መሪውን አዞርኩት። ወሰንኩ አልልም፤ እጄ አዞረው፤ እኔ ተከተልኩ።

ጀልባዋን በሙሉ ኃይሏ ነድቼ ተዳፋቱ ሥር፣ በቀጥታ ከፊቷ፣ ሲሚንቶው ላይ ሰካኋት። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ካፊሌ ከመስተዋቱ ጀርባ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፣ አይሰማኝም። ሞተሩ ጠፋ። ብረቱ ተንገጫግጮ ሲቆም ከእኔ ስንት እርምጃ እንደነበር ዛሬም አልናገርም።

"አብደሃል?" ብሎ ወረደ።

"ባባ፣ ጠያራዋ አትበርም" አልኩት። "ያጠብኳት በጉድጓዱ ውኃ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ። ጫማው ተበልቷል። ውኃ ያስገባል፤ ሠላሳ አራት ጊዜ ስቤያለሁ፣ አልነገርኩህም።" በአረብኛዬ እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፤ አልተነፈስኩም።

ወደ ጎማው ሄደ። ከፍቶ በመዳፉ ቀመሰ። ተፋው። ጎማውን መሬት ላይ ወረወረና "ሒማር!" አለኝ። አህያ ማለቱ ነው። "ሒማር ነኝ፣ ባባ" አልኩ። ልጅቷ ውስጥ ሆና እንደታሰረች ማልቀስ ጀመረች፤ የምታለቅሰው አልበረርኩም ብላ ነው። በመንገድ ሁሉ፣ ወደ ቤት ስንመለስ፣ እኔን ማየት አልፈለገችም።

መካኒኩ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቅዳሜ መሆኑን ከእኔ በስተቀር ያሰበ አልነበረም። ከሥር ተኛና ካቻቢቴውን አውጥቶ በግራው ጫማ ቀለሙ የተነፋበት ላይ ጫን አለ። አልመታም፣ አልገፋም፤ ጫን ብቻ ነው ያለው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ጫማውን ከሆዷ ከሚወርደው አንዱ እግሯ ጋር የሚያያይዘውን ብረትም አሳየን፤ ጠርዙ በጣት ይፈረፈራል። አንዴ ጠንከር ብላ ብታርፍ እግሯ ይታጠፍ ነበር፣ ከታጠፈ ደግሞ በአናቷ ነው የምትገለበጠው አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ሞያ ሑልው ብዬህ ነበር ሊለኝም ይችል ነበር፤ አላለኝም።

ካፊሌ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሥቶ መጣ፤ ይመታኛል ብዬ ነበር። አቀፈኝ። ትከሻዬ ላይ ሆኖ ነበር የሚያወራው፤ "ጀዛከላህ ኸይር፣ አላህ ይክፈልህ። ትናንት ልጄን በእጄ አስሬ ነበር ያስቀመጥኳት" ይላል። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስለዚህም ጊዜው ይኸው ነው ብዬ ተናገርኩ።

"ባባ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኹሩጄ?"

"ኸረ፣ ረስቼው!" ብሎ ስልኩን አወጣ። አውራ ጣቱን አየሁት። ስልኩ ላይ ሄደ፣ ከፈተ፣ ወረደ። ከዚያ ቆመ። ወደ አውሮፕላኗ አየና ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

"አሁን እንኳ አይሆንም" አለኝ፣ ክንዴን ይዞ። "አዲስ ጫማ ከውጭ ማዘዝ አለብኝ፤ ሦስት ወር ይፈጃል። ሁሉም ነገር ተፈትቶ በጣፋጭ ውኃ ይታጠባል፣ ይቀባል። ይህን ለማን አምኜ ልስጠው? ሌላ ሹፌር ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ የማምነው አንተን ብቻ ነው። ጠያራዋ ስትድን ትሄዳለህ፣ ኢንሻአላህ።"

"ባባ፣ ሚስቴ ለአረፋ ካልመጣህ ኒካዬን አውርድ ብላኛለች።"

"ሙሽኪላ ማፊ፣ ችግር የለም!" አለኝ፣ ሳቅ ብሎ። "ሴት ይህን ትላለች። ትታገሳለች። ልጅ ያዳነ ባል እንዳላት ንገራት።"

በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። አምስት ዓመት ስሠራለት ጠልቼው አላውቅም ነበር። ሰድቦኝ፣ ደመወዜን ቆርጦብኝ፣ በደሌን ቆጥሮ ቢያባርረኝ ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እየሮጥኩ እሄድ ነበር። አመነኝ። ያከበረኝ መስሎታል፣ ደግሞም አክብሮኛል፤ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ሁለት ጊዜ መልሼ ለመንኩት፤ ሁለቴም ራሴን ሳመኝ።

ለሚስቴ የደወልኩት በዚያው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ድምጿን ስሰማ ግን ሁሉንም ከጉድጓዱ ጀምሮ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጅቷ ነው።

"ልጅቷ ምንም አልሆነችም?"

"ምንም አልሆነችም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያ በር ስትዘጋ ሰማሁ፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኳት።

"አለሁ። ደግ ሰው እንደሆንክ ድሮም አውቃለሁ" አለችኝ። "አልናገርህም፣ እኔም ብሆን እነግረው ነበር። ግን ሦስት ወር አልከኝ፣ ሦስት ወሩን አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመቴ ሊሞላ ነው። ሰው ባልሽ የት ነው ሲለኝ የምመልሰው ሰልችቶኛል። አላማርርህም። አውርድልኝ።"

"ታገሺኝ" አልኳት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኳት ሁለታችንም ስለምናውቅ አልመለሰችልኝም።

አረፋ መጣ። ካፊሌ ከእርዱ ትልቁን ሥጋ ለእኔ ላከልኝ። በሦስተኛው ቀን አል አዳማ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ፤ እሱና የሱቅ ጎረቤቱ ምስክር ሆነው ተቀመጡ፤ ኒካዋን እንዳወርድ ስልኩን መሐላችን አድርገን ወደ መንደራችን ደወልን። ሸኹ ከወንድሟ ጋር ነበሩ፤ እሷም እዚያው ክፍል ውስጥ መሆኗን ስታስል አወቅኩ። ከሰላምታው በኋላ ሸኹ በዝግታ "ልጄ፣ ማንም አላስገደደህም? በፈቃድህ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ለካፊሌ አንዲት ዓርብ ዝም ማለት ያቃተኝ ሰውዬ፣ ሳልንተባተብ፣ "አዎ፣ በፈቃዴ ነው" አልኩ።